ያን ቃል ማን፣ የት ሆኖ ተናገረው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ስትገቡ ዓይናችሁ ቶሎ የሚያርፈው ጥቅሱ ላይ ነው። «ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለም» ይላል አንዱ። በየቤታችን ግድግዳ ደግሞ «እኔና ቤቴ ግን እግዚአብሔርን እናመልካለን» የሚለው ተሰቅሏል። ስልካችንን ስንከፍት ቴሌግራሙም ፌስቡኩም ጥቅስ በጥቅስ ነው። ጠዋት አንዱ ይልክልናል፤ እኛም ለሌላው እንልካለን።

ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ያዘነ ሰው በአንድ መስመር ይጽናናል። ተስፋ የቆረጠ በአንድ ቃል ቀና ይላል። ስለዚህ ዛሬ ጥቅስ ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። የምንወደውን ቃል ይበልጥ እንድንወደው ግን እፈልጋለሁ። ማን ተናገረው? የት ሆኖ? ምን አስከፈለው? እነዚህን እየጠየቅን ብንሄድ ብዙ እናተርፋለን። ከቦታው የተነሣ ጥቅስ ከአፈሩ እንደ ተነቀለ የገብስ ቡቃያ ነው። ለጥቂት ሰዓት ለምልሞ ይታያል፤ እህል ግን አይሰጥም።

ደግሞም ጥቅስ ቆርጦ መጥቀስ አደገኛ መሆኑን ወንጌል ራሱ ያሳየናል። ጌታችን በተፈተነ ጊዜ ዲያብሎስ ወደ ቤተ መቅደስ ጫፍ አወጣው። «ራስህን ወደ ታች ወርውር» አለው። ለዚህም መዝሙረ ዳዊትን ጠቀሰ። «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዝልሃል» የሚለውን የመዝሙር 90ን ቃል ማለት ነው። ቃሉ እውነት ነው። ብዙዎቻችን ሌሊት ስንተኛ የምንደግመው መዝሙር ነው። ነገር ግን ዲያብሎስ ቀጥሎ ያለውን አልጠቀሰም። ቀጥሎ ያለው «አንበሳውንና ዘንዶውን ትረግጣለህ» ይላል። የራሱን መረገጥ እንዴት ብሎ ያንብበው? የሚጠቅመውን ወሰደ፣ የሚፈርድበትን ተወ። ጌታችንም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው ተብሎ ደግሞ ተጽፏል» ብሎ መለሰለት።

እኛም ሳናውቀው እንዲህ እንዳንሆን ያስፈራኛል። የሚያጽናናኝን መርጬ የሚገሥጸኝን ካለፍሁ ቃሉን እኔ እየመራሁት ነው፤ እሱ እኔን እየመራኝ አይደለም።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። በመጻሕፍት ቤት ተማሪው ንባቡን ብቻ ይዞ አይነሣም። መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ትርጓሜውን «አንድም» እያለ ይወርዳል። ቃሉ ለማን ተነገረ፣ ታሪኩ ምንድን ነው፣ ከላይና ከታች ምን አለ፣ ሁሉም ይፈተሻል። አንዲቷን መስመር ለመጨበጥ ረጅም ቀን ይቀመጣሉ። እኛ የዚያን ያህል ጊዜ የለንም እንበል። ከጥቅሱ በላይና በታች ያለውን ምዕራፍ ማንበብ ግን አያቅተንም።

እስቲ በጣም የምንወደውን አንዱን እንይ። ትንቢተ ኤርምያስ 29፥11። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» በምረቃ፣ በሠርግ፣ በልደት ካርድ ላይ ሳይቀር እናገኘዋለን። ይህ ቃል የተጻፈው ግን ለተመራቂ አይደለም። ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ገደማ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ እናቱን፣ መኳንንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ከኢየሩሳሌም ማርኮ ወሰዳቸው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ሆኖ የጻፈው ለእነዚህ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ በፊት ባለው ምዕራፍ ሌላ ሰው አለ፤ ሐናንያ ይባላል። እሱም በእግዚአብሔር ስም ይናገራል። «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» አለ። በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውን የእንጨት ቀንበርም በሕዝብ ፊት ሰበረው። ሕዝቡ የትኛውን ቃል እንደሚወድ መገመት አይከብድም። ሐናንያ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ከስልክ ስልክ በተላለፈ ነበር። ኤርምያስም ራሱ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነው ያለው። መልካም ነገር ጠልቶ አይደለም፤ የሕዝቡን መመለስ ከማንም በላይ ይመኛል። ነገር ግን እግዚአብሔር እንደዚያ አልተናገረም። ሐናንያም በዚያው ዓመት ሞተ።

እውነተኛው ቃል 70 ዓመት የሚል ነበር። የምንወደው ቁጥር 11 ከመምጣቱ በፊት ቁጥር 10 ላይ ተጽፏል። አስቡት፤ ይህን ደብዳቤ በአርባ ዓመቱ የሰማ ሰው አገሩን ዳግም አያይም። ልጁ ካረጀ በኋላ ሊያይ ይችላል፤ በደንብ የሚያየው የልጅ ልጁ ነው። ታዲያ እሱ እስከዚያ ምን ያድርግ? ደብዳቤው ይነግረዋል። ቤት ሥሩ፤ ተቀመጡ፤ አታክልት ተክላችሁ ፍሬዋን ብሉ፤ ልጆቻችሁን አጋቡ። ይልቁንም «ወደ እርስዋ ላስማረክኋችሁ ከተማ ሰላምን ፈልጉ» ይላል፤ በእርስዋ ሰላም ሰላም ይሆንላችኋልና ስለ እርስዋ ጸልዩ። የሰላም አሳብ የተባለው ይህን ሁሉ ያቀፈ ነው። ነገ ጠዋት የሚፈታ ችግር አልተባለም። በችግሩ ውስጥ የሚተከል ዛፍ አለበት።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በደብረ ብርሃን ከቀያቸው ተፈናቅለው በመጠለያ የሚኖሩ ወገኖች አሉን። ቤታቸውን ትተው፣ ከብታቸውን ትተው የመጡ ናቸው። ይህ ደብዳቤ ከእኛ ይልቅ ለእነሱ ቅርብ ነው። ስለዚህ ቁጥር 11ን ለእነዚህ ወገኖች ስንጠቅስ እጃችን ባዶ ሊሆን አይገባም። የደብረ ብርሃንን ብርድ እናውቀዋለን። ጥቅሱን ከብርድ ልብስ ጋር እንውሰድ። ለከተማችን ሰላም ስንጸልይም የእነሱ ሰላም ከእኛ ሰላም ጋር የታሰረ መሆኑን አስበን እንጸልይ። ደብዳቤው የሚለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ተወዳጅ ጥቅስ የቅዱስ ጳውሎስ ነው። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» (ፊልጵስዩስ 4፥13)። ተማሪዎቻችን ለማትሪክ ሲዘጋጁ ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል፤ ደግ አደረጉ። ጳውሎስ ግን ይህን ሲጽፍ እስረኛ ነው። ከቃሉ በላይ ያለውን ስታነቡ «ሁሉን» ያለው ምን እንደሆነ ይገባችኋል። «መጥገብንና መራብንም መብዛትንና መጉደልንም ተምሬአለሁ» ይላል። ስለዚህ ማለፍ ብቻ አይደለም፤ መውደቅንም በክርስቶስ መቻል አለ። ፈተናው ባይሳካ እምነቱ ያልተናጋ ተማሪ ጥቅሱን በትክክል ኖሮታል። ወላጆች ይህን ለልጆቻችሁ ከውጤት በፊት ንገሯቸው እባካችሁ። ውጤት ከመጣ በኋላ ሲነገር እንደ ማባበያ ይመስላቸዋል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የሚቀጥለውን ቁጥር ማንም ሲጠቅሰው አልሰማም። «ሆኖም በመከራዬ ከእኔ ጋር በመካፈላችሁ መልካም አደረጋችሁ» ይላል። የፊልጵስዩስ ምእመናን በአፍሮዲጡ እጅ እርዳታ ልከውለት ነበር። «ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ቃል የምስጋና ደብዳቤ ውስጥ ነው የተጻፈው! ሁሉን የሚችለው ሐዋርያ ወንድሞቹ የላኩለትን ተቀብሎ አመሰገነ። በራሴ እችላለሁ ለማለት ይህን ጥቅስ የሚያነሣ ሰው ስታገኙ ቁጥር 14ን አስነብቡት።

ከአባቶች ቃል ደግሞ ልቤን የሚይዘው የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ነበር። ንግሥቲቱን አውዶክስያን ስለ ገሠጸ ተሰደደ። ሕመምተኛ ሆኖ ሳለ ወታደሮች በፀሐይና በዝናብ እየነዱ ወደ ሩቅ ግዞት ሲወስዱት፣ በ407 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በመንገድ ላይ ዐረፈ። የመጨረሻ ቃሉ «ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነበር። መንበሩን ቀምተውታል። ወዳጆቹ ተበትነዋል። አንደበቱ ወርቅ ለተባለው ሰው በመጨረሻ የተረፈችው ይህች አጭር ቃል ናት።

«ስለ ሁሉ ነገር» ማለት ከባድ ነው። በመንዝም በጣርማ በርም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ሲወርድ፣ ባቄላው በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር ያየ ገበሬ ያውቀዋል። ጠዋት ጎረቤቱ «እንዴት አደራችሁ?» ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ከልማድ የወጣ ቃል ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ልማዱ ራሱ የብዙ ትውልድ እምነት ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ጠዋት ማሳው ዳር ቆሞ የሚናገራት ምስጋና ከአፈወርቅ ምስጋና ጋር አንድ ናት። ግንቦት 12 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐፅም ስታከብር የዮሐንስ አፈወርቅንም መታሰቢያ አብራ ታነሣለች። ወደ ደብረ ሊባኖስ የምትሄዱ ካላችሁ በዚያ ዕለት ይህችን ቃል በልባችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በአባቶች ስም የሚዞር ጥቅስ ሁሉ የአባቶች አይደለም። የቅዱሱ ሥዕል አለበት፣ ስሙ አለበት፣ ቃሉ ግን ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። ደስ የሚል ቢሆንም እንኳ ለቅዱሳን ያልተናገሩትን መስጠት ተገቢ አይደለም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ሕዝብ ልጆች ነን፤ ያልተናገሩትን መጨመርም እንደዚያው ሊከብደን ይገባል። ከመላካችን በፊት የንስሐ አባታችንን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችንን እንጠይቅ። አላውቀውም ካሉ ይቅር፤ ምንም አይቀርብንም።

ስለ ኢትዮጵያዊው ስለ ሙሴ ጸሊም ሳልነግራችሁ ላልፍ አልችልም። ቀድሞ የሽፍቶች አለቃ ነበር። በኋላ ንስሐ ገብቶ በግብፅ በገዳመ አስቄጥስ መነኮሰ። አንድ ወንድም በጥፋት ተገኘና መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴን ጠሩት፤ እምቢ አለ። ሁሉም እየጠበቁህ ነው ብለው ደግመው ላኩበት። ያን ጊዜ የሚያፈስ እንስራ ውሃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ሊቀበሉት የወጡት «አባታችን ይህ ምንድን ነው?» አሉት። «ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ ነው፤ እኔ ግን አላየውም። ዛሬ ደግሞ በሌላው ሰው ጥፋት ልፈርድ መጣሁ» አላቸው።

ይህ ቃል ሥዕል ተደርጎበት ሲላክ ያምራል። ግን ለማን ነው የምንልከው? ብዙ ጊዜ ስለ እኛ ክፉ ላወራ ሰው ነው። እንዲገባው፣ እንዲያፍር ብለን። ሙሴ እንስራውን በራሱ ጀርባ ተሸከመው እንጂ ለማንም አላሸከመም። ስለዚህ በዕድር ስብሰባ፣ በማኅበር፣ በጎረቤት ጠብ የሰው ስም ሲነሣ ይህን ጥቅስ አውጥተን በሌላው ላይ አናንብብ። መጀመሪያ የራሳችንን ወሬ እናቁም። ያን ቀን በአስቄጥስ የተሰበሰቡት አባቶች ሙሴን ከሰሙ በኋላ ለዚያ ወንድም አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩትም፤ ይቅር አሉት። የሙሴ መታሰቢያ ሰኔ 24 ነውና በዕለቱ ስንክሳሩ ሲነበብ ተገኝታችሁ ስሙ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።