ክብር ያለው አጠራር ምንድን ነው? አካል ጉዳትና ሕጋችን

አካል ጉዳት ስላለበት ሰው ስናወራ የምንመርጠው ቃል፣ አንተ ወይም አንቱ የምንልበት መንገድ፣ ማንን እያየን እንደምንናገር ጭምር ነው ክብር ያለው አጠራር የሚባለው። ብዙ ሰው የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ሕጉን ስናይ ግን መብትም አብሮት እንደሚሄድ እንረዳለን።

በ1963 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኛ የሚለው በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤና ጉድለት የተነሳ ሠርቶ ማደር የማይችል፣ ጧሪም የሌለውን ሰው ነበር። እንግዲህ በዚህ ትርጉም "ቅጠሩኝ" ብሎ የሚመጣ አካል ጉዳተኛ የለም፤ ያለው ተረጂ ብቻ ነው። የ2000 ዓ.ም. የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 ይህን ገለበጠው። አካል ጉዳተኛ ማለት ጉዳቱ ከማኅበራዊ፣ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ መድልዎ ጋር ተዳምሮ እኩል የሥራ ዕድል ያሳጣው ሰው ነው አለ። ጥያቄው ከሰውየው ገላ ወደ አሠሪውና ወደ እኛ ዞረ ማለት ነው። ስለዚህም አሠሪው የሥራ ቦታውን የማመቻቸት ግዴታ አለበት። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 8 የተዛባ አመለካከትን መታገልን የመንግሥት ሥራ አድርጎታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የመስኮት ቋንቋ፣ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ለባለጉዳይ የሚነገረው፣ ነው። እዚህ ጎንደር አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ጋቢ የለበሱ ዓይነ ሥውር ሽማግሌ መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ የመራቸው ልጅ አጠገባቸው ነው። ሌላውን ባለጉዳይ ሁሉ አንቱ ስትል የቆየችው ሠራተኛ ልጁን "ምን ፈልጎ ነው?" አለችው። ሽማግሌው ቀበል አድርገው "ጆሮዬ ይሰማል፣ እኔኑ ጠይቂኝ ልጄ" አሏት። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም። ግን ያቺ "ፈልጎ" የምትለው ቃል ሽማግሌውን ከባለጉዳይነት አወጣቻቸው። ያናደደኝም ይኸው ነው።

ጎንደር ደግሞ ይህን ክብር የምታጣው ከተማ አልነበረችም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ሥውራን መምህራን ቅኔና ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪው "የኔታ" ብሎ ከእግራቸው ሥር ሲቀመጥ ዓይናቸው ትዝም አይለው።

ታዲያ ምን ብለን እንጥራ? ባለቤቶቹ ራሳቸውን የሰየሙበትን ማየት ይበቃል፤ ብሔራዊ ማኅበሮቻቸው "ዓይነ ሥውራን" እና "መስማት የተሳናቸው" ይላሉ። "ደንቆሮ" የሚለውማ ዛሬ ለስድብ ነው የሚውለው፤ በዚያ ቃል ሰው መጥራት ምን ይሉታል? "አካለ ስንኩል"ም ይቅር። ሐዘኔታም ልክ አለው። በክራንች ሥራውን ሊሠራ የሚጣደፍን ወጣት አራዳ ገበያ ላይ "እኔን ይድፋኝ!" እያሉ ማስቆም፣ በደግነት ቢሆንም፣ ልጁን በሰው መሐል ያሸማቅቀዋል።

ካልገባችሁ ሰውየውን ጠይቁ። ስሙን ካወቃችሁ በስሙ ጥሩት። መስማት ከተሳነው ሰው ጋር በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በኩል ስታወሩም "ንገረው" አትበሉ፤ ፊታችሁን ወደ ባለጉዳዩ አድርጋችሁ ለእሱ ተናገሩ።