ከሐዋሳ ወደ ውጭ ገበያ የሚላኩ ዕቃዎች ማሸጊያና ገላጭ ጽሑፍ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። በከተማዋና በዙሪያዋ ለውጭ ገበያ ከሚዘጋጁት ዕቃዎች ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ፤ አንዱ ከሲዳማ ደጋዎች የሚወርደው ቡና ሲሆን፣ ሌላው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰፋው ልብስ ነው። ሁለቱም ወደ ጅቡቲ ወደብ ይጓዙ እንጂ የሚታሸጉበትና የሚጻፍባቸው ሕግ አይገናኝም። የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች ጥራትን፣ የዕፅዋት ጤንነትንና የጉምሩክ ሰነድን ይቆጣጠራሉ፤ በከረጢቱና በልብሱ ላይ ምን፣ በየትኛው ቋንቋና በምን ያህል የፊደል መጠን እንደሚጻፍ የሚወስነው ግን በዋናነት ዕቃው የሚሸጥበት አገር ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ላኪ የማሸጊያውን ንድፍ የሚጀምረው ከመዳረሻው ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው፤ ገዢውን ሳያውቅ ከረጢት ያሳተመ ሰው ብዙውን ጊዜ ከረጢቱን ታቅፎ ይቀራል።

ጥሬ ቡና በተለምዶ የሚላከው 60 ኪሎ ግራም በሚይዝ የጁት ጆንያ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ያህል ስለሚይዝ፣ አንድ ጭነት 19.2 ቶን ይሆናል። በአገር ውስጥ እህል የሚቋጠርበት፣ ሰው ሁሉ «ማዳበሪያ» የሚለው የፕላስቲክ ከረጢት ለዚህ ጉዞ አይመረጥም፤ ጁት አየር ያስተላልፋል፣ ሲደረደርም አይንሸራተትም። ጁት ግን የራሱ ጣጣ አለው። ቃጫው ሲፈተል እንዲለሰልስ ዘይት ስለሚቀባ፣ ዘይቱ ከነዳጅ ተዋጽኦ ከሆነ ሽታውም ቅሪቱም ወደ ፍሬው ይዘልቃል፤ በመሆኑም ገዢዎች በአትክልት ዘይት የተዘጋጀ፣ ለምግብ የተፈቀደ ጆንያ ይጠይቃሉ። ጉዳዩ የወግ አጥባቂ ገዢ ምርጫ ብቻ አለመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2008 ታይቷል። በዚያን ጊዜ ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት በማግኘቷ ወደዚያ የሚላከው ቡና ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ የብክለቱ መነሻ ሲፈለግ ጣት የተቀሰረው ቡናው በተጓዘባቸው የተበከሉ ጆንያዎች ላይ ነው።

በጆንያው ፊት ላይ በስቴንስል (ፊደሎቹ በተቦረቦሩበት ሰሌዳ) ከሚታተሙት መረጃዎች ዋነኛው የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በእዝባር የተለያዩ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው አገሩን፣ ሁለተኛው ላኪውን፣ ሦስተኛው ሎቱን፣ ማለትም የጭነቱን ምድብ ያመለክታል። ከእሱ ጋር የቡናው ዓይነት፣ ደረጃው፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑ እንዲሁም የምርት ዘመኑ ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ ከማጓጓዣ ሰነዱ ጋር በአንዲት አኃዝ ቢለያይ ጭነቱ እስኪጣራ ድረስ ወደብ ላይ ይቆማል፣ የሚቆምበትም ቀን ይከፈልበታል። ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጣው ስፔሻሊቲ ቡና በጆንያው ውስጥ አየርና እርጥበት የማያሳልፍ ሁለተኛ የፕላስቲክ ከረጢት ይደረግለታል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ፤ በጅቡቲ ሙቀት የተዘጋ ኮንቴይነር ወደ አውሮፓ ብርድ ሲገባ ጣራው ያልበዋል፣ ጠብታውም ከላይ ባሉት ጆንያዎች ላይ ይወርዳል። የኮንቴይነሩ ግድግዳና ጣራ በወፍራም ካኪ ወረቀት የሚለበጠው፣ እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶችም የሚሰቀሉት ይህን ለመከላከል ነው።

ስሙም ቢሆን በዘፈቀደ አይጻፍም። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ «ሲዳሞ»፣ «ይርጋጨፌ» እና «ሐረር» የሚሉትን ስሞች በውጭ አገሮች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተንቀሳቅሷል፤ በ2007ም ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ተደርሷል። በዚህ አሠራር ስሞቹን በማሸጊያቸው ላይ የሚጠቀሙ ቡና የሚቆሉ የውጭ ድርጅቶች ያለ ክፍያ የፈቃድ ውል ይፈርማሉ። የተመዘገበው ስም «ሲዳሞ» መሆኑና ክልሉ ዛሬ «ሲዳማ» መባሉ በማሸጊያዎች ላይ ሁለቱም አጻጻፎች ጎን ለጎን እንዲታዩ አድርጓል።

ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ ከተላከ ደግሞ ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው እንደ ሸማች ምግብ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1169/2011 መሠረት የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደቱ፣ የመጠቀሚያ ጊዜውና የኃላፊው ድርጅት ስምና አድራሻ ግዴታ ናቸው፤ ላኪው በኅብረቱ ውስጥ ካልተቋቋመ የሚጻፈው የአስመጪው አድራሻ ነው። የትንሿ ፊደል ቁመት በመደበኛ ማሸጊያ ከ1.2 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። በአሜሪካ የተጣራው ክብደት በግራምም በአውንስም ተጽፎ ከማሸጊያው ፊት የታችኛው 30 በመቶ ክፍል ላይ መዋል አለበት። ካናዳ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛን በአንድነት ትጠይቃለች፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ዓረብኛን። ምንም ያልተጨመረበት ቡና በአውሮፓም በአሜሪካም ከንጥረ ምግብ ሠንጠረዥ ነጻ ነው፤ ይሁን እንጂ ሻጩ «ለጤና ይበጃል» ዓይነት ቃል ከጻፈበት ይህን ነጻነቱን ሊያጣ፣ አልፎም ሊጠየቅበት ይችላል።

በልብስ ረገድ ሥራው የሚከናወነው በስፌት መስመሩ ላይ ነው። ለአሜሪካ የሚላክ ሸሚዝ «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ የሚሸከመው በአንገቱ ውስጥ፣ በሁለቱ የትከሻ ስፌቶች መካከል እኩሌታው ላይ ነው፤ ሌብሉ (ጽሑፉ ያለበት ቁራጭ ጨርቅ) ወደ ጎን ስፌት ቢዛወር ጉምሩክ አይቀበለውም። የጨርቁ ይዘት በክብደት በመቶኛ፣ ከሚበዛው ወደሚያንሰው ይዘረዘራል፤ የአምራቹ ወይም የነጋዴው ማንነት ይገለጻል፤ የአጣጠቡ መመሪያም ልብሱ እስኪያረጅ የማይለቅ ሆኖ ይሰፋል። አውሮፓ በበኩሏ ለልብስ የትውልድ አገርን በኅብረት ደረጃ ግዴታ አላደረገችም፤ የጨርቁ ይዘት ግን በሚሸጥበት አገር ቋንቋ እንዲጻፍ ታዛለች። ጥጥ በጀርመን «ባውምቮለ»፣ በስፔን «አልጎዶን» መባል ስላለበት፣ በብዙ አገሮች የሚሸጥ ልብስ ሌብሉ እንደ ትንሽ መጽሐፍ የታጠፈ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ሥራ በቀላሉ የሚደርሰው ስህተት ከቀደመ ትእዛዝ የተረፈ የሌብል ጥቅል ነው፤ ጨርቁ ከ100 በመቶ ጥጥ ወደ ቅልቅል ተቀይሮ ሳለ አሮጌው ጥቅል ከማሽኑ ካልተነሣ፣ ልብሱ በደንብ ተሰፍቶም ሕገ ወጥ ይሆናል።

ጭነቱ በእንጨት ፓሌት (ዕቃ በሚደረደርበት መደብ) ላይ ከተደረደረ እንጨቱ ራሱ ይመረመራል። አይኤስፒኤም 15 በሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት እንጨቱ እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሳያቋርጥ መሞቅ፣ ወይም በሌላ በተፈቀደ ዘዴ መታከም አለበት፤ ከዚያም የስንዴ ዘለላ ምስል፣ የአገሩና የአምራቹ መለያ፣ የሕክምናው ዓይነት በማይጠፋ ማኅተም ይደረግበታል። ኮምፖንሳቶና ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ እንጨት ከዚህ ግዴታ ውጭ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ አገር አምራች የሚከብደው ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2018 የታሸገ ምርት ቀኑ እንዳለ ቢታተም፣ የውጭ አገር ሸማች ዕቃው ሰባት ዓመት እንዳለፈው አድርጎ ያነባል፤ የጳጉሜን ቀን ደግሞ ጭራሽ የሚዛመደው ወር የለውም። ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ቢለወጥም አሜሪካ ወርን፣ አውሮፓ ቀንን ስለሚያስቀድሙ፣ ወሩን በፊደል መጻፉ ይሻላል። ስህተቱ መዳረሻው ላይ ከታወቀ አስመጪው በመጋዘኑ ሰው ቀጥሮ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ማረሚያ ተለጣፊ ያስለጥፋል፣ ሂሳቡንም ከላኪው ክፍያ ላይ ይቀንሳል።