ጌም ሪከርድ ለማድረግ የትኛው የቪዲዮ ኮዴክ ይሻላል

ጌም ሪከርድ ሲደረግ ቪዲዮው የግድ መታመቅ አለበት፣ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን በሰከንድ 60 ፍሬም እንዳለ ጥሬውን ቢቀመጥ በሰከንድ 373 ሜጋባይት አካባቢ ይበላል፣ በደቂቃ ከ22 ጊጋባይት በላይ ማለት ነው፣ ይሄን የሚችል ዲስክ የለም ባይባልም ማንም ግን አይፈልገውም። የማመቁን ስራ የሚሰራው ኮዴክ ነው።

ያለቀ ፊልም ከማመቅ የሚለየው ደግሞ ስራው ጌሙ እየሄደ እዛው ማሽን ላይ መሰራቱ ነው። ኤክስ264 የሚባለው በፕሮሰሰር የሚሰራው ኤንኮደር (ማመቂያ ፕሮግራም) ጥራቱ አሪፍ ነው፣ ግን ጌሙም ያንኑ ፕሮሰሰር ስለሚፈልገው ይሻማሉ፣ ከዛ ወይ ጌሙ ይንቀረፈፋል ወይ ቪዲዮው ፍሬም ይዘላል። ለዚህ ነው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ለማመቅ ብቻ የተሰራውን ክፍል መጠቀም የሚሻለው፣ ኤንቪዲያ ኤንቬንክ የሚለውን በ2012 አምጥቷል፣ ኤኤምዲና ኢንቴልም የራሳቸው አላቸው።

ከኮዴኮቹ ኤች.264 የ2003 ነው፣ አርጅቷል ግን የማይከፍተው ነገር የለም፣ ኤዲት ሲደረግም አያስቸግርም። በ2013 የመጣው ኤችኢቪሲ ያንኑ ጥራት ባነሰ ፋይል ይሰጣል፣ ግን በፓተንት ክፍያው ምክንያት አንዳንድ ፕሮግራም ላይ አልከፍት ይላል። ኤቪ1 በ2018 የወጣ ነው፣ ክፍያ የለበትም፣ ከሁለቱም በላይ ያሳንሳል፣ ችግሩ በካርድ ለመቅዳት በ2022 መውጣት የጀመሩት እንደ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 40 ያሉት ካርዶች ያስፈልጋሉ። ካርዱ አዲስ ካልሆነ ኤች.264 በቂ ነው፣ ስለሱ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

እንደውም ከኮዴኩ በላይ ጥራቱን የሚወስነው ቢትሬቱ፣ ማለትም በሰከንድ ለቪዲዮው የሚሰጠው የዳታ መጠን፣ የሚያዝበት መንገድ ነው። ሜኑ ላይ ቆመህ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ወዲያው ሳር የሞላበት ሜዳ ላይ ካሜራውን በፍጥነት ስታዞር ግን እያንዳንዱ ፍሬም ከቀደመው ጋር አይገናኝም፣ ቢትሬቱ ቋሚ ከሆነ ሳሩ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይበላሻል። ቋሚ ቢትሬት ለላይቭ ነው፣ እዛ ኢንተርኔቱ ይገድበዋል፣ ዲስክ ላይ ለሚቀዳ ግን ሲኪውፒ የሚለውን፣ ቢትሬቱን ሳይሆን የማመቁን ልክ ቋሚ የሚያደርገውን፣ መርጦ ከ18 እስከ 23 ባለው ውስጥ መሞከር ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ያብጣል።

ሌላው ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባው ትንንሽ ቀይ ጽሁፍ ነው፣ ጌሙ ውስጥ የሚታየው የጤና ቁጥር ምናምን፣ ቢትሬት ቢጨመርም ጠርዙ እንደደበዘዘ ይቀራል። ቪዲዮ በተለምዶ በሚቀዳበት 4:2:0 በሚባለው የቀለም አቀማመጥ ለአራት ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ስለሚያዝ ነው፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል ቀለም የሚይዘው 4:4:4 ያስተካክለዋል ግን ብዙ ማጫወቻ አይከፍተውም።

የፋይሉን ዓይነት ደግሞ ኤምኬቪ ማድረግ። በተለመደው ኤምፒ4 ፋይሉ ውስጥ ምን የት እንዳለ የሚያሳየው ማውጫ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ መሃል ላይ ከጠፋ ሙሉው ቅጂ አይከፈትም፣ ኤምኬቪ ግን እስከዛ ድረስ ያለው ይተርፋል፣ ከጨረስክ በኋላ ኦቢኤስ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ላይ እንደገና ሳይታመቅ ወደ ኤምፒ4 ይቀየራል፣ ጥራቱ ላይ ምንም አይነካም።