«ትምህርት ቤቱን ሎተሪው ይሠራዋል» እና ሌሎች ስለ ካሊፎርኒያ የትምህርት ቤት ቦንድ የሚነገሩ ነገሮች

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የካሊፎርኒያ መራጮች ፕሮፖዚሽን 2ን አጸደቁ። ግዛቱ ለትምህርት ቤት ሕንፃዎች 10 ቢሊዮን ዶላር እንዲበደር የፈቀደ ውሳኔ ነው፤ 8.5 ቢሊዮኑ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉት ትምህርት ቤቶች፣ 1.5 ቢሊዮኑ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች። ድምፁ ተሰጥቶ ካለፈ በኋላም ስለ ጉዳዩ የሚባለው አላበቃም። በካሊፎርኒያ በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ቡና እየተጠጣ የሚሰነዘረው አስተያየት ግን ግማሹ ከሌላ ነገር ጋር የተምታታ ነው።

«ቦንድ ከሆነ የምንገዛው እኛው ነን»

ይህ ግምት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ለብዙዎቻችን ቦንድ ማለት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለህዳሴው ግድብ የተሸጠው ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ እያስቆረጠ፣ በውጭ ያለው ደግሞ በየኤምባሲው በኩል የገዛው። የካሊፎርኒያው አሠራር ሌላ ነው። መራጩ የሚሰጠው የመበደር ፈቃድ እንጂ ገንዘብ አይደለም። ቦንዱን የግዛቱ ገንዘብ ያዥ ለገበያ ያቀርባል፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ የኢንቨስትመንት ፈንዶችና ግለሰብ ባለሀብቶች ይገዛሉ። ከቦንዱ የሚገኘው ወለድ አብዛኛውን ጊዜ ከገቢ ግብር ነፃ ስለሆነ ገዢዎች ዝቅ ባለ ወለድም ይስማማሉ። «ይሁን» ብሎ ድምፅ የሰጠ ሰው ቤቱ ድረስ የሚመጣበት የቦንድ ሻጭ የለም።

በነገራችን ላይ፣ የግድቡ ቦንድ በአሜሪካ ሳይመዘገብ በመሸጡ የአገሪቱ የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን ጉዳዩን አንሥቶት ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በአሜሪካ የነበሩት ገዢዎች ከ3,000 በላይ ነበሩ።

«የሎተሪው ገንዘብ የት ገብቶ ነው ብድር የሚያስፈልገው?»

የካሊፎርኒያ ሎተሪ እ.ኤ.አ. በ1984 በሕዝብ ድምፅ ሲቋቋም ለትምህርት ድጋፍ ነው ተብሎ ነበር፤ ማስታወቂያውም ይህንኑ ሲደጋግም ኖሯል። ሕጉ ግን ገንዘቡ ለማስተማር ሥራ ብቻ እንዲውል ያዛል። መሬት መግዛትንና ሕንፃ መሥራትን በግልጽ ይከለክላል። መጠኑም ቢሆን ከትምህርት ቤቶች ዓመታዊ በጀት 1 በመቶ ገደማ ነው። በየነዳጅ ማደያው የሚፋቀው ትኬት አንድ ጡብ አያስቀምጥም።

«የቤቴ ግብር ሊጨምር ነው»

ትልቁ መምታታት እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎቹም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ሁለት ዓይነት ቦንድ አለ። እንደ ፕሮፖዚሽን 2 ያለው የግዛቱ ቦንድ የሚከፈለው ከግዛቱ አጠቃላይ በጀት፣ በዋነኛነት ከገቢ ግብርና ከሽያጭ ግብር ነው። የቤት ባለቤት በሚደርሰው የንብረት ግብር ደረሰኝ ላይ አይታይም። የየአካባቢው የትምህርት ዲስትሪክት የሚያወጣው ቦንድ ግን በቀጥታ በንብረት ግብር ላይ ይጨመራል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ይመጣሉ። በዚያው በኖቬምበር 2024 የሎስ አንጀለስ መራጭ ከፕሮፖዚሽን 2 ሌላ ሜዠር ዩ ኤስ የተባለ የ9 ቢሊዮን ዶላር የዲስትሪክት ቦንድ ቀርቦለት ነበር፤ እርሱም ጸድቋል። በቤቱ ግብር ላይ የሚመጣው ሁለተኛው ነው።

መጠኑም ልክ አለው። በ55 በመቶ ድምፅ የሚያልፍ ቦንድ፣ ከአንደኛ እስከ ሁለተኛ ደረጃ በአንድነት በሚያስተዳድር ዲስትሪክት ውስጥ፣ በየ100,000 ዶላሩ የቤት ግምት በዓመት ከ60 ዶላር በላይ እንዲያስከፍል ታቅዶ ለድምፅ ሊቀርብ አይችልም። ለግብር የተገመተው ዋጋ 600,000 ዶላር የሆነ ቤት በአንድ እንዲህ ያለ ቦንድ በዓመት፣ በዕቅዱ መሠረት፣ ቢበዛ 360 ዶላር ይጨመርበታል ማለት ነው። «የተገመተው» የምለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 የቤት ግምት ከተገዛበት ዋጋ ተነሥቶ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ አግዷል። ስለዚህ አጥር የሚጋሩ፣ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ቤቶች ለአንዱ ትምህርት ቤት እኩል አይከፍሉም፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የገዛው ጥቂት ይሰጣል፣ ባለፈው ዓመት የገዛው ወጣት ቤተሰብ ብዙ እጥፍ። አብዛኛው ወገናችን ዘግይቶ የገዛ ነውና በየትኛው በኩል እንደሚገኝ መናገር አያስፈልግም። ተከራይም ደረሰኝ አይደርሰውም እንጂ፣ አከራዩ ወጪውን በጊዜ ሂደት ወደ ኪራዩ ሊያሸጋግረው ይችላል።

ይኸው የ13 ቁጥር ሌላም ጣጣ አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ለትምህርት ቤቶችና ለኮሌጆች የ15 ቢሊዮን ዶላር የግዛት ቦንድ ቀርቦ ወድቋል። በአጋጣሚ የተሰጠው መለያ ቁጥር 13 ነበርና መራጩ ከ1978ቱ የንብረት ግብር ሕግ ጋር አምታቶት ይሆናል ብለው የተከራከሩ ብዙ ናቸው። እኔ ቁጥሩ ብቻውን ጣለው አልልም፤ አልጠቀመውም ማለት ግን ይቻላል።

«ቦንዱ ስለጸደቀ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ሊታደስ ነው»

አይደለም፤ ቢያንስ በራሱ አይደለም። የግዛቱ ገንዘብ ዲስትሪክቱ የራሱን ድርሻ ይዞ እስኪመጣ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ ግዛቱ ለአዲስ ግንባታ 50 በመቶ፣ ለእድሳት 60 በመቶ ይሸፍናል፤ ቀሪውን ዲስትሪክቱ ያቀርባል። ሕንፃው ለእድሳት ብቁ የሚሆነውም 25 ዓመት ሲሞላው ነው፣ ተነቃይ ክፍል ከሆነ 20።

ወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ጣሪያው የሚያፈስ ትምህርት ቤት ለማደስ 10 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል እንበል። ዲስትሪክቱ 4 ሚሊዮን ይዞ ሲመጣ ግዛቱ 6 ይጨምራል። የባሕር ዳርቻ ቪላዎች ያሉበት ዲስትሪክት 4 ሚሊዮኑን በአነስተኛ ግብር ይሰበስባል። በግዛቱ መሐል ባለው ሸለቆ፣ በእርሻ ከተማ ያለው ግን የሚያስከፍለው ንብረት ራሱ የለውም። ባለሀብቱ ዲስትሪክት አርክቴክትና አማካሪ ቀጥሮ ማመልከቻውን አስቀድሞ ያስገባል፤ ገንዘቡ ደግሞ ለዓመታት የታደለው ቀድሞ ላመለከተ ነበር። በዚያ ላይ የግዛቱ ድጎማ በተማሪ ቁጥር ቀመር የሚሰላ እንጂ በእውነተኛው ወጪ ላይ የተመሠረተ ስላልሆነ፣ 60 በመቶ የተባለው አንዳንድ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ያለው ላይ ይጨመርለታል ማለት ይኸው ነው።

ፕሮፖዚሽን 2 ይህን በጥቂቱ ነክቶታል። ደሃ ለሆኑ ዲስትሪክቶች የግዛቱ ድርሻ ለእድሳት እስከ 65፣ ለአዲስ ግንባታ እስከ 55 በመቶ ከፍ እንዲል አድርጓል፤ ለትንንሽ ዲስትሪክቶችም ከግንባታውና ከእድሳቱ ገንዘብ 10 በመቶ አስቀምጧል። ፈጽሞ አቅም ለሌለው ዲስትሪክትም ግዛቱ የአካባቢውን ድርሻ ጭምር የሚሸፍንበት መንገድ ቀድሞም አለ። በእኔ አስተያየት አምስት ነጥብ ለዚህ ዓይነት ልዩነት ትንሽ ናት። ልጁ የሚማርበት ክፍል እንዲታደስ የሚፈልግ ወላጅ ከግዛቱ ዋና ከተማ ከሳክራሜንቶ ዜና ይልቅ የዲስትሪክቱን የቦርድ ስብሰባ ቢከታተል ይሻለዋል፤ ማመልከቻ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው።

«10 ቢሊዮን ተበድሮ 10 ቢሊዮን መመለስ ነው»

የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የበጀት ተንታኝ ቢሮ በሰጠው ግምት፣ ብድሩ ለ35 ዓመታት በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ያስከፍላል። ሲደመር 17.5 ቢሊዮን ገደማ ነው። ይህን ሰምተው «ዘረፋ ነው» የሚሉ አሉ፤ ቤት በሞርጌጅ የገዛ ሰው ግን ስሌቱን ያውቀዋል። ከ35 ዓመት በኋላ ያለው ዶላር የዛሬውን ያህል እንደማይገዛም መዘንጋት የለበትም።

እውነተኛው ዘረፋ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ በሳንዲያጎ አካባቢ ያለውን የፖዌይ ዲስትሪክት ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 105 ሚሊዮን ዶላር ሲበደር ለመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት ምንም ላለመክፈል ተስማማ። ወለዱ በወለድ ላይ እየተቆለለ የሚመለሰው ገንዘብ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ አድጎ የሚከፍለው ዕዳ ነው። የግዛቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ሕግ አውጥቶ የዲስትሪክት ቦንድ ጠቅላላ ክፍያ ከተበደሩት አራት እጥፍ እንዳይበልጥ ወሰነ። አራት እጥፍም ቢሆን ለእኔ ብዙ ነው።

«ተማሪ እየቀነሰ ግንባታው ለምን?»

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የበሰለው ይህ ነው። በካሊፎርኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሃያ ዓመት በፊት 6.3 ሚሊዮን የነበረው ተማሪ አሁን 5.8 ሚሊዮን ገደማ ሆኗል። የተቃዋሚዎቹ ክርክር በዚህ ረገድ ክብደት አለው፤ ግማሽ ባዶ የሆነን ትምህርት ቤት በዕዳ ማስዋብ ያስጠይቃል። ሆኖም ከፕሮፖዚሽን 2 ትልቁ ድርሻ፣ 4 ቢሊዮኑ፣ ለእድሳት የተመደበ ነው፤ ለአዲስ ግንባታ 3.3 ቢሊዮን። ቱቦው የተማሪ ቁጥር ስለቀነሰ ዝገቱን አያቆምም። የአራት ዓመት ልጆችም በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲገቡ ስለተፈቀደ ትንንሽ ወንበርና ቅርብ መጸዳጃ ያላቸው ክፍሎች ያስፈልጋሉ።

«የግል ተቋራጭ በግማሽ ዋጋ ይሠራው ነበር»

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1933፣ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ የካሊፎርኒያዋን ከተማ ሎንግ ቢችን የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ወደ 70 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ወደሙ፣ ሌሎች 120 ክፉኛ ተጎዱ። ልጆቹ ወደ የቤታቸው ከገቡ ሰዓታት አልፈው ነበር። በአንድ ወር ውስጥ የፊልድ ሕግ ወጣ፤ እስከ ዛሬ የመንግሥት ትምህርት ቤት ንድፍ በግዛቱ የሥነ ሕንፃ መሥሪያ ቤት ሳይመረመር፣ ሥራውም በተፈቀደለት ተቆጣጣሪ ሳይታይ አይሠራም። ዋጋው የሚንረው በዚህ ብቻ ባይሆንም አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እንዲቀር የምመኘው ምክንያት ግን አይደለም።

«ገንዘቡ ለአለቆች ደመወዝ ይውላል፣ ማንም አያየውም»

በ55 በመቶ ድምፅ የሚያልፍ የዲስትሪክት ቦንድ ለመምህራንና ለአስተዳዳሪዎች ደመወዝ እንዳይውል የግዛቱ ሕገ መንግሥት ይከለክላል። በየዓመቱ የሂሳብና የአፈጻጸም ኦዲት ግዴታ ነው። ቢያንስ ሰባት አባላት ያሉት የነዋሪዎች ተቆጣጣሪ ኮሚቴም መቋቋም አለበት፤ የተማሪ ወላጅ፣ የነጋዴዎች ተወካይ፣ የአረጋውያን ማኅበር አባል፣ ከግብር ከፋዮች ማኅበር አንድ ሰው ይኖርበታል። የዲስትሪክቱ ሠራተኛና ለዲስትሪክቱ ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ አባል መሆን አይችሉም። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ቃለ ጉባኤውና ሪፖርቱም በኢንተርኔት ገጽ ላይ መውጣት አለባቸው።