ዲድኮት ኤ፦ አፈራረሱ ሰባት ዓመት የፈጀ ማመንጫ

ዲድኮት ኤ በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሸር ውስጥ፣ ከዲድኮት ከተማ አጠገብ የነበረ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። ግንባታው በ1964 ተጀምሮ በ1970 ኃይል መስጠት ጀመረ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አቅሙ 2,000 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ከሰሉ በባቡር ይመጣል፤ ውሃው ከቴምዝ ወንዝ ይሳባል። አመዱ ደግሞ በውሃ ተበጥብጦ፣ ራድሊ በምትባል መንደር አካባቢ ጠጠር ወጥቶባቸው ወደቀሩ ጉድጓዶች በቧንቧ ይላክ ነበር።

አርክቴክቱ ፍሬድሪክ ጊበርድ ስድስቱን የማቀዝቀዣ ማማዎች ባንድ ረድፍ አልደረደራቸውም። ለዓይን እንዳይከብዱ ሦስት ሦስት አድርጎ ለያያቸው። እንደዚያም ሆኖ አስቀያሚ ናቸው ያለው ሰው ብዙ ነው፤ የወደዳቸውም አልጠፋም። ከማማዎቹ የሚወጣውን ነጭ ነገር ብዙዎች ጭስ ይሉታል፤ እንፋሎት ነው እንጂ። ጭሱ የሚወጣው ከጎን ከቆመው 200 ሜትር ርዝመት ካለው ቀጭን ጭስ ማውጫ ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት የትልልቅ ማመንጫዎችን ጭስ የሚገድብ ደንብ አወጣ። ዲድኮት ኤ ደንቡ የሚጠይቀውን ከማሟላት ይልቅ ከ2008 ጀምሮ 20,000 ሰዓት ብቻ ሠርቶ መዘጋትን መረጠ። በማርች 2013 ሥራ አቆመ።

ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ መጣ። በጁላይ 2014 ሦስቱ ማማዎች ገና ጎህ ሲቀድ በፈንጂ ወደቁ፤ እንቅልፉን ትቶ ሊያይ የወጣው ሰው ብዙ ነበር። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2016 ግን ለፈንጂ እየተዘጋጀ የነበረው የቦይለር ሕንፃ (ከሰል እየነደደ ውሃ ይፈላበት የነበረው) ሳይታሰብ ተደረመሰ። አራት ሠራተኞች ሞቱ። የሦስቱ አስከሬን ፍርስራሹ ውስጥ ቀረ። የተረፈው ግማሽ ሕንፃ መቼ እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ ሰው አጠገቡ መድረስ አልቻለም። በጁላይ ፈንጂውን ከርቀት የሚታዘዙ ሮቦቶች አስገብተው ሕንፃው ተጣለ። የመጨረሻው አስከሬን የተገኘው በሴፕቴምበር ነው። ቤተሰብ ቀብሩን ከግማሽ ዓመት በላይ ጠብቋል።

በኦገስት 2019 የቀሩት ሦስት ማማዎች ሲወድቁ ፍርስራሹ እንዳይበታተን የተደረገው መከላከያ ሸራ ተገንጥሎ የኤሌክትሪክ መስመር መታ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች መብራት ጠፋባቸው፤ ያውም በኃይል ማመንጫ ምክንያት! ጭስ ማውጫው በፌብሩዋሪ 2020 ፈረሰ።

በ1997 ሥራ የጀመረው በጋዝ የሚሠራው ዲድኮት ቢ ዛሬም እዚያው አጠገብ ያመነጫል። በከሰሉ ማመንጫ ቦታ ላይ ደግሞ የዳታ ማዕከሎች (መረጃ የሚያከማቹ ኮምፒውተሮች የሚቀመጡባቸው ሕንፃዎች) እየተተከሉ ነው።