የአማሪሊስ ኮረት አያያዝና ዳግመኛ ማበብ

በሸክላ ተተክሎ በቤት ውስጥ የሚያብበውና በገበያ አማሪሊስ ተብሎ የሚሸጠው ባለ ትልልቅ አበባ ተክል በዕፅዋት ሳይንስ አመዳደብ ሂፒያስትረም ከተሰኘው ወገን የሚመደብ ነው። ወገኑ ወደ 90 የሚጠጉ ዝርያዎች ሲኖሩት መገኛቸው ብራዚልን፣ ፔሩንና ቦሊቪያን ጨምሮ ሞቃታማውና ከፊል ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። በሳይንሱ አማሪሊስ የሚባለው ግን የደቡብ አፍሪካ ኬፕ አካባቢ ተወላጅ የሆነ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 አማሪሊስ የሚለውን ስም ሲሰጥ በእጁ የነበረው ተክል የትኛው እንደነበረ ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልያም ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1821 የአሜሪካዎቹን ለይቶ ሂፒያስትረም ቢላቸውም፣ ጉዳዩ እልባት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1987 በበርሊን የተካሄደው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጥናት ጉባኤ አማሪሊስ የሚለውን ስም ለደቡብ አፍሪካው ተክል ሲያጸና ነው። የማዳቀሉ ታሪክ ከዚያ በፊት የጀመረ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ድቅል እ.ኤ.አ. በ1799 ገደማ ያስገኘው የዕፅዋት ሊቅ ሳይሆን በእንግሊዝ ላንክሻየር፣ ፕረስኮት ይኖር የነበረው ሰዓት ሠሪ አርተር ጆንሰን ነው። ከነጭ መስመር ጋር ቀይ የሚያብበው ይህ ድቅል እስከ ዛሬ በአትክልት ወዳዶች እጅ መኖሩ የተክሉን ጽናት ያሳያል። ከዚያ ወዲህ የኔዘርላንድስና የደቡብ አፍሪካ አዳቃዮች ዛሬ የምናያቸውን ትልልቅ አበቦች አስገኝተዋል።

ኮረቱ፣ ማለትም ተክሉ የሚበቅልበት ሽንኩርት መሰል አካል፣ አንዴ አብቦ የሚጣል አይደለም፤ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ያብባል። ምክንያቱን ለመረዳት ኮረቱን ከላይ ወደ ታች ሰንጥቆ ማየት ይበቃል። እንደ ሽንኩርት በተደራረቡት ነጫጭ ሽፋኖች መካከል፣ ከግርጌው ጠፍጣፋ ክፍል በላይ፣ ገና ያልወጡ ጥቃቅን እምቡጦች ይታያሉ። ተክሉ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቅጠል ባወጣ ቁጥር አንድ የአበባ ዘንግ ይጸንሳል፤ ዘንጉም ከመውጣቱ በፊት አንድ ዓመት ገደማ በኮረቱ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አዲስ የተገዛ ኮረት የሚያሳየው አበባ በአምራቹ እጅ የተጸነሰ ሲሆን፣ የሚቀጥሉት አበቦች የሚወሰኑት ባለቤቱ ቅጠሎቹን በሚይዝበት መንገድ ነው።

አበባው ሲጠወልግ ዘር ከመያዙ በፊት ይቆረጣል፤ ዘንጉ ግን አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ምግብ ስለሚሠራ ቢጫ እስኪሆን መተው ይሻላል። ቅጠሎቹን መቁረጥ ወይም ጨለማ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ የሚቀጥለውን አበባ ማሳጣት ነው። በዚህ ወቅት በቂ ብርሃን፣ አፈሩ የላይኛው ክፍል ሲደርቅ የሚሰጥ ውሃና በየሁለት ሳምንቱ ገደማ የሚጨመር ማዳበሪያ ያስፈልጋል። ወደ ውጭ የሚወጣ ተክል በመጀመሪያ በጥላ ሥር ሆኖ ፀሐዩን ቀስ በቀስ ይለምድ፤ አለበለዚያ ቅጠሉ ይቃጠላል።

ዕረፍቱን በተመለከተ አስተያየቶች ይለያያሉ። የተለመደው አሠራር ውሃውን አቁሞ ኮረቱን ከ8 እስከ 10 ሳምንት፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ደረቅ ቦታ ማቆየት ነው። ዓመቱን ሙሉ በቅጠል አቆይተውት አበባ የሚያገኙም አሉ፤ ፓፒሊዮ የተባለው ዝርያ በተፈጥሮው ቅጠሉን አያረግፍም። ዕረፍቱ አበባው የሚወጣበትን ጊዜ ለመወሰን ይረዳል እንጂ ያልተጸነሰ አበባ አያስገኝም።

ከዕረፍት በኋላ ኮረቱ ከራሱ ወርድ ብዙም በማይሰፋና ውሃ በሚያሳልፍ ሸክላ፣ ቢያንስ ሲሶው ከአፈር በላይ ሆኖ ይተከላል። ቡቃያው እስኪታይ ድረስ ውሃው በጣም ጥቂት ይሁን፤ አንገቱ ላይ የሚፈስ ውሃ ኮረቱን ያበሰብሳል። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል። ቅጠል ብቻ ከወጣ ኮረቱ ስንቁ ስላነሰው አንድ ሙሉ የዕድገት ወቅት ተመግቦ እንደገና እንዲወፍር መጠበቅ ነው።

ከበሽታዎቹ የታወቀው በቅጠል፣ በዘንግና በኮረት ላይ ቀይ ነጠብጣብ የሚያወጣው ፈንገስ ሲሆን እርጥበት ያባብሰዋል። ኮረቱ ሊኮሪን የተባለ መርዝ ስላለው ከሕፃናትና ከቤት እንስሳት ይራቅ። በግርጌው የሚወጡት ትናንሽ ኮረቶች የራሳቸውን ሥር ሲያወጡ ተለይተው ይተከላሉ፤ ለማበብ ጥቂት ዓመታት ቢፈልጉም አበባቸው ከእናታቸው አይለይም፤ ከድቅል ዘር የሚበቅሉት ግን እንደዚያ አይሆኑም።