ኢንዲያን ኦሽን ዳይፖል ምንድን ነው?

በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ በኢትዮጵያም ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ የሚጥል ዝናብ አለ። ሶማሌዎች ዴይር፣ ቦረናዎች ሐገያ ይሉታል። አንዱን ዓመት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፤ ሌላውን ዓመት ድራሹ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ በኤልኒኖ፣ ማለትም በፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ፣ ያላክካል። እኔ ግን ሕንድ ውቅያኖስ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም ባይ ነኝ።

ዳይፖል የሚባለው በዚህ ውቅያኖስ ሁለት ዳርቻዎች መካከል ያለው የውሃ ሙቀት ልዩነት ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። አንዱ ዳርቻ በአፍሪካ በኩል ነው፤ ሌላው በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት በኩል። በአዘቦቱ ጊዜ በምድር ወገብ ላይ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሞቃቱ ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋል። ደመናውም እዚያው ይከማቻል።

አንዳንድ ዓመት ነፋሱ ይደክማል፤ ብሎም አቅጣጫውን ይቀይራል። ያኔ በሱማትራ ዳርቻ ላይ ላዩ ያለው ሞቃት ውሃ ይሸሽና ከሥር ቀዝቃዛው ይወጣል። ከዚህ በኋላ ነገሩ ራሱን በራሱ ያባብሳል፦ ምሥራቁ በቀዘቀዘ ቁጥር ነፋሱ ወደ ምዕራብ ይበረታል፤ ነፋሱ በበረታ ቁጥር ምሥራቁ ይብስ ይቀዘቅዛል። በአፍሪካ በኩል ባሕሩ ይሞቃል፣ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ዝናቡ ይወርዳል። ኢንዶኔዥያና አውስትራሊያ ደግሞ ይደርቃሉ። አወንታዊ ዳይፖል ይሄ ነው። ሲገለበጥ አሉታዊ ይባላል፤ ያኔ የሚጠማው ምሥራቅ አፍሪካ ነው።

የሚደንቀኝ የቁጥሩ ማነስ ነው። የአውስትራሊያ ሜትሮሎጂ ቢሮ ዳይፖል ተከሰተ ለማለት የሚጠቀምበት ወሰን፣ ልዩነቱ ከተለመደው በ0.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ ናቸው) በ2019 ግን ወደ 2 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ በጎርፍ ተጥለቀለቀች፤ እርጥበቱ ለአንበጣ መንጋ መራቢያ ተመቸ፤ አውስትራሊያ በሰደድ እሳት ነደደች። በዚያ ወቅት ጠንካራ ኤልኒኖ አልነበረም። በ1961ም እንዲሁ ያለ ኤልኒኖ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። ክስተቱ ስም ያገኘው ግን በ1999 ነው።

ዳይፖሉ ብዙውን ጊዜ ከሰኔ አንስቶ ምልክት ይሰጣል። ዝናቡ የሚጠበቀው ከወራት በኋላ ስለሆነ፣ ከብት ለመሸጥም ሆነ መኖ ለማከማቸት ፋታ አለ። በ2022 አሉታዊ ዳይፖልና ላኒና (የኤልኒኖ ተቃራኒ፣ የፓስፊክ መቀዝቀዝ) ገጠሙ። የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ዝናቡ እንደሚያጥር ነሐሴ ላይ አስጠንቅቆ ነበር። ዝናቡም አጠረ፤ ለአምስተኛ ተከታታይ ወቅት።